ማቃጠሉ የጠፋበት ጨጓራ፦ ከሰሜን ሸዋ ደጋ አንድ የጉዳይ ጥናት

«ጨጓራዬስ ድሮ ለቆኛል፤ አሁን ያስቸገረኝ እህል አልወርድ ማለቱ ነው።» ታማሚው ሆስፒታል ሲደርሱ የተናገሩት ይህንን ነበር። የ56 ዓመት ገበሬ ናቸው፤ በመንዝ ደጋ ገብስና ባቄላ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደዋጡ ሆዳቸው ጢም ይላል። ማታ የበሉት ሳይፈጭ ጠዋት ይመለሳል። ክብደታቸው በ5 ወር ውስጥ ከ61 ኪሎ ወደ 49 ወርዷል፤ ሰገራቸውም አልፎ አልፎ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ቀበሌያቸውና አንዳንድ ዝርዝሮች እዚህ አልተጻፉም።

ከመጀመሪያው ማቃጠል እስከዚህ ቀን 24 ዓመት አልፏል። በእነዚህ ዓመታት በሽታውን ማስቆም የሚቻልባቸው ጊዜያት ጥቂት አልነበሩም፤ ታማሚውም ቸል ያሉ ሰው አልነበሩም፣ ሲያማቸው ሄደው ታክመዋል። ጉዳዩን ያበላሸው ሕመሙ ሲጠፋ በሽታው ጠፋ ተብሎ መታመኑ ነው። በጨጓራ ላይ ይህ እምነት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ እኚህ ሰው ያለፉበትን መንገድ ተከትሎ ማየት ይቻላል።

የሕመሙ አመጣጥ

ምልክቱ የጀመራቸው በ32 ዓመታቸው ነው። ሆዳቸው ባዶ ሲሆን የሚያቃጥል፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ጥቂት ነገር ሲቀምሱ ጋብ የሚል ሕመም ነበር። መጀመሪያ የተሞከረው የቤት መድኃኒት ነው፦ የተልባ ውሃና አብሽ። ሁለቱም ለጥቂት ሰዓት ያስታግሳሉ፤ የሕመሙን ሥር ግን አይነኩም። ቀጥሎ ከጤና ጣቢያ የሚታኘክ አሲድ ማብረጃ (አንታሲድ)፣ ኋላም ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም መጣ።

በ38 ዓመታቸው በደም ምርመራ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በተለምዶ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ተገኘባቸው። የታዘዘላቸው የተለመደው የሦስት መድኃኒት ቅንብር ነው፦ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፣ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም እና አሞክሳሲሊን 1 ግራም፣ ሁሉም ጠዋትና ማታ፣ ለ14 ቀን። በ6ኛው ቀን አቋረጡት። አንደኛ፣ ክላሪትሮማይሲን ምላስ ላይ የብረት ጣዕም ያመጣል፣ ሆድንም ያላላል፤ ይህንን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ መድኃኒቱ የጎዳቸው መሰላቸው። ሁለተኛ፣ ማቃጠሉ በ4ኛው ቀን ቆሞ ነበር። ያቆመው ግን አሲዱን የቀነሰው ኦሜፕራዞል ነው፤ አንቲባዮቲኮቹ ገና በሥራቸው መካከል ነበሩ። የተረፈውን ኪኒን ባለቤታቸው ቃር ሲይዛቸው አንድ ሁለት እያሉ ጨረሱት። በዚህ ዓይነት በአንድ ቤት ውስጥ የሁለት ሰው ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲንን የመልመድ ዕድል አገኘ።

ከዓመት በኋላ ሕመሙ ሲመለስ ያው የደም ምርመራ ተደገመ፤ «አለብዎት» ተባለ፤ ያው መድኃኒት እንደገና ታዘዘ። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ተደራርቧል። የደም ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራበትን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ስለሚቆይ የዳነውንም ያልዳነውንም እኩል «አለበት» ይላል። የሕክምና ውጤት የሚጣራው በሰገራ አንቲጂን (የባክቴሪያው ቅንጣት በሰገራ ውስጥ በሚፈለግበት) ወይም በትንፋሽ ምርመራ ነው። ሁለተኛው ስህተት አንድ ጊዜ ያልሠራን ክላሪትሮማይሲን ለዚያው ሰው መድገም ነው፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ከለመደ ሁለተኛው ዙር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ከዚያ ወዲያ ወደ 9 ዓመት ገደማ ኦሜፕራዞል ያለ ማዘዣ እየገዙ ይውጡ ነበር። ለጉልበታቸው ሕመም ዲክሎፌናክ ይጨምሩበታል። በ48 ዓመታቸው ግድም ግን ማቃጠሉ ራሱ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ቃሪያውም በርበሬውም ተስማማቸው። ኦሜፕራዞሉን ተዉ። ቤተሰቡ ተሳሉ የተባሉት ስለት ሰመረ ብሎ ደስ አለው።

በ53 ዓመታቸው ድካም ጀመራቸው፤ ዳገት ሲወጡ ልባቸው ይመታል። የደም ማነስ ተብሎ የብረት ኪኒን ተሰጣቸው፤ ትንሽ ተሻላቸውና ተመልሰው ወረዱ። እግራቸው ይደነዝዛል፤ «ስረግጥ ጥጥ የረገጥሁ ይመስለኛል» ይሉ ነበር። ይህ በእርጅናና በብርድ ተሳበበ። የ53 ዓመት ወንድ ደሙ ሲያንስ «ከየት ፈሰሰ? ወይስ ለምን አልተመጠጠም?» ሳይባል ብረት ሰጥቶ መላክ ተገቢ አይደለም። ወንድ ወርሃዊ ደም አይፈሰውም፤ ስለዚህ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ጨጓራውና አንጀቱ መታየት አለባቸው።

በጨጓራው ግድግዳ ላይ የሆነው

ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ የሚገባው በልጅነት፣ ከቤተሰብ ነው። አሲድ ውስጥ ሊኖር የሚችለው ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚለውጥ ዩሪየዝ የተባለ ኢንዛይም ስላለው ነው፤ በዚህ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርዳል። ከዚያም የጨጓራውን ንፍጥ ሰንጥቆ ሕዋሶቹ ላይ ይጣበቃል። ካግ ኤ የተባለ ፕሮቲን ያላቸው ዝርያዎች ይህንን ፕሮቲን ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይወጉታል፤ መቆጣቱም የጠነከረ ይሆናል። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ባክቴሪያውን ከጨጓራ ሕመም ጋር ያያያዙት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ ሲሆን በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ በ1994 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው በአንደኛው ምድብ አስገብቶታል። (ሁሉም ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መቆጣቱ ለዓመታት ሲቆይ የሚከተለውን ቅደም ተከተል የቀረጸው ኮሎምቢያዊው የፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረምር) ሐኪም ፔላዮ ኮሪያ ነው። መጀመሪያ ሽፋኑ ይቆጣል። ቀጥሎ አሲድ የሚሠሩት እጢዎች አንድ በአንድ ይሞታሉ፣ ሽፋኑም ይሳሳል፤ ይህ አትሮፊ ይባላል። በሞቱት እጢዎች ቦታ የአንጀት ሽፋን የሚመስል ሽፋን ይበቅላል፤ ይህ ሜታፕላዥያ ነው። ከዚያ ውስጥ ቅርጻቸውን የሳቱ ሕዋሶች ይነሳሉ፣ ዲስፕላዥያ። የመጨረሻው ካንሰር ነው። ሁሉም ሰው እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ አብዛኛው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ እንዳለ ዕድሜውን ይጨርሳል። በጃፓን ኡኤሙራና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ጥናት ባክቴሪያው ካለባቸው 1,246 ሰዎች መካከል በ8 ዓመት ገደማ ክትትል 36ቱ የጨጓራ ካንሰር ይዟቸዋል፤ ከሌለባቸው 280 ሰዎች አንድም አልተያዘም። በኔዘርላንድ የተደረገ ሰፊ ክትትል ደግሞ በየደረጃው ያለውን የዓመት አደጋ አሳይቷል፦ አትሮፊ ያለበት 0.1 በመቶ፣ ሜታፕላዥያ ያለበት 0.25 በመቶ፣ ቀላልና መካከለኛ ዲስፕላዥያ 0.6 በመቶ፣ ከባድ ዲስፕላዥያ ግን 6 በመቶ። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይናገራል፦ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሁሉ ሊደነግጥ አይገባም፤ ዲስፕላዥያ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ግን በአስቸኳይ መፈለግ አለበት።

አሁን ወደ ታማሚው እንመለስ። በ30ዎቹ ያቃጥላቸው የነበረው መቆጣት በጨጓራው የታችኛው ክፍል፣ በአንትረም ላይ ያየለ እንደነበር ከምልክቱ መገመት ይቻላል፤ እንዲህ ያለው መቆጣት አሲድ ያበዛል፣ ለትንሹ አንጀት ቁስለት እንጂ ለካንሰር ብዙም አያደላም። ባክቴሪያው ሳይጠፋ ኦሜፕራዞል ለዓመታት ሲወሰድ ግን አሲዱ ስለሚቀንስ ባክቴሪያው ወደ ላይ፣ ወደ ጨጓራው ዋና አካል ይዛመታል፤ መቆጣቱም አብሮት ይወጣል። ዋናው አካል ደግሞ የአሲድ ፋብሪካው ነው። ረጅም ጊዜ ኦሜፕራዞል ለሚያስፈልገው ሰው መጀመሪያ ኤች ፓይሎሪን መርምሮ ማጥፋት የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ኦሜፕራዞል ክፉ መድኃኒት አይደለም፤ ክፉው ባክቴሪያው እያለ ለብቻው ለዓመታት መውጣቱ ነው።

ስለዚህ በ48 ዓመታቸው የጠፋው በሽታው አልነበረም። የጠፋው አሲዱ ነው፤ የሚያቃጥል አሲድ የሚሠሩት እጢዎች አልቀው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚሁ ይመነጫል። ብረት ከምግብ የሚመጠጠው አሲድ ሲያሟሟው ነው፤ አሲዱ ሲጠፋ ደም አነሰ። ቫይታሚን ቢ12ን ለማስመጠጥ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን የሚሠሩት እነዚያው አሲድ ሠሪ ሕዋሶች ናቸው፤ እነሱ ሲሞቱ እግር ደነዘዘ። አሲድ በሌለበት ጨጓራ ውስጥ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ አንዳንዶቹ በምግብና በውሃ ያለውን ናይትሬት ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ዘረ መልን ወደሚጎዱ ናይትሮሶ ውህዶች ይለውጣሉ። ብዙ ጨው፣ ሲጋራና ብዙ አልኮል በዚህ ላይ ይጨምራሉ፤ በአካባቢው አረቄ በባዶ ሆድ የመጠጣት ልማድ አለና ይህ መነገር ያለበት ነው። በርበሬ ግን ሽፋኑ የተቆጣበትን ሰው ያቃጥላል እንጂ የዚህ ሁሉ መነሻ እሱ አይደለም። ቤተሰቡ ለዓመታት በርበሬውን ሲቆጣጠር ባክቴሪያውን የተቆጣጠረው አልነበረም።

ምርመራው

የደም ምርመራው ሄሞግሎቢን 8.1 አሳየ። የቀይ ደም ሕዋስ አማካይ መጠን 84 ነው፣ ማለትም ጤናማ የሚባለው ክልል ውስጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የብረት እጥረት ሕዋሱን ያሳንሳል፣ የቢ12 እጥረት ያተልቃል፤ ሁለቱ አብረው ሲመጡ አማካዩ ይካካስና ደህና ይመስላል። የሚያጋልጠው የሕዋሶቹ መጠን ልዩነት ነው፤ በእኚህ ሰው ላይ 21 በመቶ ሆኖ ተገኘ፣ ከ15 መብለጥ አልነበረበትም። ቢ12 ሲለካ 118 ነበር፤ ከ200 በታች እጥረት ነው።

ለኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ ጨጓራን ለማየት፣ በተለምዶ ከምግብ 6 እስከ 8 ሰዓት መጾም ይበቃል። ማታ የበላውን ጠዋት ለሚያስመልስ ሰው ግን አይበቃም፤ ጨጓራው ባዶ አይሆንምና ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ፈሳሽ ብቻ መውሰድ፣ አስፈላጊ ከሆነም በአፍንጫ ቱቦ ማጠብ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ሐኪሙ የሚያየው ምግብ ነው፣ ታማሚውም ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ሌላው ጥንቃቄ ምርመራው ከመድረሱ በፊት ለሳምንታት ኦሜፕራዞል መውሰድን ይመለከታል። የካንሰር ቁስለት በኦሜፕራዞል ላዩ ሊሽርና ተራ ቁስለት ሊመስል ይችላል። የጨጓራ ቁስለት የታየበት ሰው ናሙና ሳይወሰድለት መላክ የለበትም፤ ናሙናው ደህና ቢባል እንኳ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሶ መታየት ይገባዋል።

የታየው ይህ ነው፦ በጨጓራው ማጠፊያ ላይ፣ ወደ አንትረም የወረደ፣ ጠርዙ ያበጠና የተጠቀለለ የ3 ሴንቲ ሜትር ቁስለት። የቀረው ሽፋን ገርጥቷል፣ ከመሳሳቱ የተነሳ ከሥሩ ያሉት የደም ሥሮች ይታያሉ። ከቁስለቱ 8 ናሙና ተወሰደ፣ አብዛኛው ከጠርዙ፤ ከመካከሉ ብቻ ቢወሰድ የሚገኘው የሞተ ሥጋ ነው፣ መልሱም «ካንሰር አልታየም» ይሆናል። ከዚህ ሌላ ሽፋኑ ያለበትን ደረጃ ለማወቅ 5 ናሙና ተጨመረ፦ ከአንትረም 2፣ ከማጠፊያው 1፣ ከዋናው አካል 2። የአንትረሙና የዋናው አካል ናሙና በየራሱ ብልቃጥ ነው የሚገባው። ሁሉም በአንድ ብልቃጥ ከተከተተ ፓቶሎጂስቱ መሳሳቱ የት እንደደረሰ ሊናገር አይችልም፣ ደረጃውም አይወጣም። ብልቃጡ ውስጥ 10 በመቶ ፎርማሊን ይኖራል፣ መጠኑም ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ። በግሉኮስ ውሃ ወይም በባዶ ብልቃጥ የተላከ ናሙና መንገድ ላይ ይበሰብሳል። ከደጋው ተነስቶ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ እስኪገባ አንዳንዴ ሁለት ቀን ይወስዳልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብልቃጡን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚው ነው፤ ስሙ፣ ቀኑና ናሙናው የተወሰደበት ቦታ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ብልቃጡ ላይ መጻፍ አለበት፤ ክዳን ይቀያየራል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈር ወረቀቱን በየደረጃው እያስሞላ ካልሄደ ወጪው አይሸፈንለትም። የእኚህ ሰው ልጅ በችኮላ ቀጥታ ሊወስዳቸው ነበር፤ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «ጋሼ፣ ወረቀቱን ሳይዙ እንዳይወጡ» ብላ መለሰቻቸው። ያ አንድ ቀን ኋላ ብዙ ብር አትርፏል።

የፓቶሎጂው መልስ፦ የአንጀት ዓይነት የሚባለው አዴኖካርሲኖማ፣ ማለትም ከእጢ ሕዋሶች የሚነሳ የጨጓራ ካንሰር፤ በዙሪያው ሰፊ አትሮፊና ሜታፕላዥያ፣ ከአንትረም እስከ ዋናው አካል። ኤች ፓይሎሪ በአንትረም የለም፣ በዋናው አካል ጥቂት ታየ። የሰገራ ምርመራው ደግሞ «የለም» ብሏል። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ ሽፋኑ በጣም ሲሳሳ ባክቴሪያው መኖሪያ ያጣና ይመናመናል። በዚህ ደረጃ ላይ የሚገኝ «የለም» የሚል መልስ ባክቴሪያው ጥፋት የለበትም ማለት አይደለም። በሲቲ ስካን ጉበትና ሳንባ ንጹሕ ሆነው ተገኙ፤ ከጨጓራው አጠገብ ያሉ የሊምፍ እጢዎች ግን አብጠዋል።

ሕክምናው

ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞቴራፒ መስጠት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ግን የጨጓራው መውጫ እየጠበበ፣ ደምም እየፈሰሰ ስለነበር ቀዶ ሕክምናው ቀደመ። 2 ከረጢት ደም ተሰጣቸው፤ ቢ12 1000 ማይክሮ ግራም በመርፌ በየሁለት ቀኑ ተጀመረ። የጨጓራው የታችኛው ክፍል ከካንሰሩ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ጤናማ ሥጋ ተጨምሮ ተቆረጠ፣ በዙሪያው ያሉ የሊምፍ እጢዎችም አብረው ወጡ። የተቆጠሩት 22 ናቸው። ደረጃውን በትክክል ለማወቅ ቢያንስ 16 መቆጠር አለበት፤ 5 ወይም 6 ተቆጥሮ «አልተዛመተም» የሚል ወረቀት ብዙም አያስተማምንም። በ2ቱ ውስጥ ካንሰር ተገኘ። ካንሰሩ የጡንቻውን ንብርብር አልፎ እስከ ውጪው ሽፋን ሥር ደርሷል፤ ደረጃ 2 ለ ይባላል።

ከ6 ሳምንት በኋላ ኬሞቴራፒ ተጀመረ፦ ኦክሳሊፕላቲን በደም ሥር በየ3 ሳምንቱ፣ ኬፕሳይታቢን ኪኒን ለ14 ቀን ጠዋትና ማታ ከዚያ 7 ቀን ዕረፍት፤ በአጠቃላይ 8 ዙር። በቁመታቸውና በክብደታቸው ሲሰላ ኦክሳሊፕላቲኑ 195 ሚሊ ግራም፣ ኬፕሳይታቢኑ በአንድ ጊዜ 1500 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 500ው ኪኒን ሦስት ሦስት ሆነ። የሚዋጠው ምግብ ከተበላ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ነው።

ለደጋ ሰው ትልቁ ችግር ኦክሳሊፕላቲን ከብርድ ጋር ያለው ጠብ ነው። መድኃኒቱ በገባ ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ጣት ይነዝራል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮ የተዘጋ ያህል ይሰማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚያድርበት አገር ይህ ቀላል ምክር አይደለም። ለቤተሰቡ የተነገረው እንዲህ ነበር፦ ከመርፌው በኋላ ለአንድ ሳምንት ውሃ ለብ ሳይል አይጠጡ፤ ፊታቸውን በጆግ ቀዝቃዛ ውሃ አይታጠቡ፤ ጠዋት ጎህ ሲቀድ ከብት ለማውጣት አይውጡ፤ ከወጡም የሱፍ ጓንትና ካልሲ አድርገው፣ አፍና አፍንጫቸውን በጋቢ ሸፍነው ይሁን። ወደ አገራቸው ሲመለሱ መስኮቱ የተከፈተ መኪና ላይ እንዳይቀመጡ ጭምር ተመክሯል። ቢ12 አስቀድሞ ባይሞላ ኖሮ ቀድሞ የደነዘዘው እግር በዚህ ላይ ሲጨመር መራመድ ሊያቅታቸው ይችል ነበር። በ6ኛው ዙር ድንዛዜው ከመርፌ ወደ መርፌ መቆየት ስለጀመረ ኦክሳሊፕላቲኑ ቆመ፤ የቀሩት 2 ዙሮች በኬፕሳይታቢን ብቻ ተጠናቀቁ። ኬፕሳይታቢን መዳፍና የውስጥ እግር ይልጣል፤ ጠዋት ማታ ቫዝሊን መቀባትና በዚያ ወቅት እርፍ አለመጨበጥ ይረዳል።

አመጋገብ ላይ ያለው ትግል ረጅም ነበር። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን 6 ጊዜ መብላት ያስፈልጋል። ከምግብ ጋር ብዙ መጠጣት ምግቡን በአንድ ጊዜ ወደ አንጀት ያንደረድረዋል፤ ላብ፣ የልብ ምትና ተቅማጥ ይከተላል። ስለዚህ ውሃ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም በኋላ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይም ያንኑ ያመጣል። ገንፎ፣ የገብስ አጥሚት፣ እንቁላል፣ ወፍራም ሽሮ ተስማምቷቸዋል። ከሁሉ የከበደው ጾሙ ነበር። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ታማሚው እስከ 9 ሰዓት ሳልቆይ አልቀምስም ብለው ክብደታቸው መልሶ መውረድ ጀመረ። ነገሩን የፈታው ሐኪም አይደለም፤ የንስሐ አባታቸው ተጠርተው «ሕመምተኛ በአባቱ ፈቃድ ይበላል» ሲሏቸው ነው። የንስሐ አባትን ከመጀመሪያው ቀን የሕክምናው አካል ማድረግ ብዙ ኪሎ ያድናል። ቢ12 በየወሩ 1000 ማይክሮ ግራም በመርፌ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል፤ በአቅራቢያቸው ጤና ጣቢያ የሚሰጥ ስለሆነ ቀኑን በወር በዓል አስይዘው ያስታውሱታል፤ እኚህ ሰው 21ን፣ የማርያምን መርጠዋል።

በቀረው ጨጓራ ላይ የነበሩት ጥቂት ባክቴሪያዎችም ታክመዋል። የቀረው ሽፋን የሳሳና የተለወጠ ስለሆነ ኢንዶስኮፒው በየዓመቱ ይደገማል።

ቤተሰቡ

የታማሚው ወንድም ከዓመታት በፊት «በሆድ በሽታ» ሞተዋል፤ ምን እንደነበር የሚያውቅ የለም። አንድ የቅርብ ዘመድ በጨጓራ ካንሰር የተያዘበት ሰው አደጋው ከሌላው ሰው በግልጽ ይበልጣል። በኮሪያ የታማሚ ወንድም፣ እህትና ልጆች ላይ የተደረገ፣ በ2020 የታተመ ጥናት ባክቴሪያው ሲታከም ምን እንደሚለወጥ አሳይቷል፦ በ9 ዓመት ገደማ ውስጥ ከታከሙት 1.2 በመቶው፣ ካልታከሙት 2.7 በመቶው የጨጓራ ካንሰር ያዛቸው። ከኬሞቴራፒው ሁሉ ይልቅ በዚህ ቤት ብዙ ዕድሜ የሚያተርፈው ይህ ሥራ ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

ባለቤታቸውና 4 ልጆቻቸው የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ተደረገላቸው፤ ከአንድ ልጅ በቀር ሁሉም አለባቸው። በቤቱ ክላሪትሮማይሲን ተቆራርጦ ስለተወሰደ የተመረጠው የአራት መድኃኒት ቅንብር ነው፦ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት፤ ቢስመዝ 120 ሚሊ ግራም በቀን 4 ጊዜ፤ ቴትራሳይክሊን 500 ሚሊ ግራም በቀን 4 ጊዜ፤ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ፤ ለ14 ቀን። ነፍሰ ጡር የነበረችው ልጅ ሕክምናው እስክትወልድና ጡት እስክታስጥል ተላለፈላት፤ ቴትራሳይክሊን ለፅንሱ አጥንትና ጥርስ ጎጂ ነው።

አባትየው በ6ኛው ቀን ያቋረጡት ባልተነገራቸው ነገር ነበርና አሁን ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተነገረ። ቢስመዝ ሰገራንም ምላስንም ያጠቁራል፤ ደም አይደለም። ሜትሮኒዳዞል አፍን ያመርራል፣ ከጠላና ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ያስመልሳል፣ ልብ ያስመታል፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም 3 ቀን መታቀብ ነው። ቴትራሳይክሊን ከወተት፣ ከብረት ኪኒንና ከአንታሲድ ጋር ሲዋጥ አይመጠጥም፤ ቢያንስ የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑረው። ቀኑም ታስቦበት ተመረጠ፦ አስቸኳይ ስላልነበረ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ፣ ጾም በሌለበት፣ በቤቱ ሰርግም ተዝካርም በማይጠበቅበት ሁለት ሳምንት። ሦስቱም፣ እናትየውና ሁለቱ ልጆች፣ አብረው ጀመሩ፤ አንዱ ሲረሳ ሌላው ያስታውሰዋል።

ማጣሪያው የተደረገው መድኃኒቱ ካለቀ ከ6 ሳምንት በኋላ ነው። ከ4 ሳምንት በታች አይቻልም፤ ኦሜፕራዞልም ቢያንስ 2 ሳምንት መቆም አለበት፣ አለዚያ ባክቴሪያው ተደብቆ «የለም» ያሰኛል። በዚያ ጊዜ ቃር ለያዘው የሚታኘክ አንታሲድ ይፈቀዳል። የባለቤታቸውና የአንዱ ልጅ ባክቴሪያ ጠፍቷል። የበኩር ልጁ፣ 33 ዓመቱ ነው፣ አልጠፋለትም፤ ወደ ሁለተኛ አማራጭ ተላከ።

ይኸው ልጅ ማቃጠል ስለነበረው ኢንዶስኮፒ ተደርጎለት በአንትረም ላይ ብቻ ሜታፕላዥያ ተገኝቶበታል፤ ዋናው አካል ገና ጤነኛ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ የተወሰነ ሜታፕላዥያ ቤተሰቡ ካንሰር የሌለበትን ሰው ብዙ ክትትል አያስፈልገውም፤ እሱ ግን አባቱ በጨጓራ ካንሰር የተያዘ በመሆኑ በየ3 ዓመቱ እንዲታይ ተወስኗል። በእያንዳንዱ ጊዜ 5ቱ ናሙናዎች በየብልቃጣቸው ይወሰዳሉ፣ የፓቶሎጂው ወረቀትም ኮፒ ተደርጎ አንዱ በቤት፣ አንዱ በጤና ጣቢያው መዝገብ ይቀመጣል። ማቃጠሉ ቢጠፋለትም ቀኑ አይሰረዝም።